የእናቴ ንቦችና የጓዳው ማሽን

ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። እናቴን የሚያበሽቃት ግን ቁጣዬ ሳይሆን ችኮላዬ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት እኔን አይቶ የተተረተ ይመስላታል።

እንግዳ ተቀባይ ሆኜ የምሠራበት የላሊበላ ሆቴል ቱሪስት ጠፍቶ ሲዘጋ፣ ቁጭ ብሎ መቆዘም አልሆነልኝም። ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ቢትኮይን ማይኒንግ፣ ማለትም የኢንተርኔት ገንዘብ በማሽን ማምረት፣ ተማርኩ፤ መማር ከተባለ። ሥራ ሳቆም በተሰጠኝ ገንዘብ ከአዲስ አበባ አንድ ያገለገለ ማሽን አስመጣሁ። መጠኑ የጫማ ካርቶን ያህል ነው፤ ጩኸቱ ግን የእህል ወፍጮ!

እናቴ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ።

«ሂሳብ ይሠራል። ብቻውን ስለማይችል ከሌሎች ማሽኖች ጋር ጉልበት ያዋጣል፤ የተገኘውን እንደየድርሻቸው ይካፈላሉ። በቃ ደቦ በይው።»

«ደቦ ከሆነ ሰዎቹ የት አሉ? ጠላውንስ ማን ጠመቀላቸው?» ብላ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ደሜ ፈላ።

ቪዲዮው ደጋግሞ የሚለው ማሽኑ ቀዝቃዛ ቦታ እንደሚፈልግ ነው። ላስታ ውስጥ ብርድ ሞልቶ! በተለይ የእኛ ቤት የድንጋይ ጓዳ በጠራራ ፀሐይም ያንቀጠቅጣል። ችግሩ ጓዳው ባለቤት አለው። ሁለት የንብ ቀፎዎች ግድግዳው ውስጥ ተሠርተዋል፤ ንቦቹ በውጭ በኩል ባለች ቀዳዳ ይገባሉ ይወጣሉ፣ ማሩ የሚቆረጠው ከውስጥ ነው።

ማሩን ሁላችንም እንወዳለን፤ ለእናቴ ግን ዋናው ሰሙ ነው። ሕፃን ሳለሁ ታምሜ ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥብኝ፣ «እመቤቴ፣ ይህችን ልጅ ካተረፍሽልኝ በየዓመቱ ለገና ከራሴ ንቦች ሰም ጧፍ አበራልሻለሁ» ብላ ተስላለች። አንድም ገና አላጎደለችም። ሰም ከገበያ ገዝቶ ማብራትማ አይሆንም፤ ስለት ነዋ!

እኔ ግን ማሽኑን እዚያው አስገባሁት። ከቀፎዎቹ ራቅ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት። መስኮት በሌለው ጓዳ ውስጥ የማሽን ሙቀት ሲጠራቀም ምን እንደሚፈጠር ቪዲዮው አልነገረኝም፤ ነግሮኝም ከሆነ ዘልዬዋለሁ። ማሽኑ መጋል ሲጀምር ተጨማሪ ማራገቢያ አዘዝኩ። ያመጣው የጭነት መኪና ወደ ላሊበላ ስለማይገነጠል፣ መገንጠያው ላይ ጋሸና አንድ ምግብ ቤት አስቀምጦልኝ አለፈ። እሱን ልቀበል ስነሳ፣ እናቴ ጩኸቱ ሲሰለቻት ትነቅለዋለች ብዬ ጓዳውን በጓጉንቸር ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። የቤቱ ዋና የመብራት ማጥፊያም ያለው እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው።

ጋሸና ማራገቢያዬን አጠገቤ አስቀምጬ ሽሮ ስበላ ስልኬ ጮኸ።

«ንቡ ወጥቶ በውጭ ግድግዳው ላይ እንደ ጢም ተንጠልጥሏል» አለች እናቴ። «ማር በበሩ ሥር እየፈሰሰ ነው።»

አልጮኸችብኝም። ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነው።

«በሩን በመጥረቢያ ስበሪው!»

«እንዴት አድርጌ? አንዴ ብመታው ደንግጦ ይነሳል። ከተነሳ ደግሞ አይመለስም። ቁልፉን ይዘሽ ነይ ልጄ።»

የሚኒባሱ ሾፌር ካልሞላ አልንቀሳቀስም አለ። ተቆጣሁት። ሳቀብኝ። ከዚያ እንባዬ ሲመጣ ደንግጦ፣ «ኧረ ግቢ እቴ፣ ሌላውን መንገድ ላይ እንጭናለን» አለኝ። መንገድ ላይ ያለችውን ኩል መስክን ካለፍን በኋላ ደጋግሜ ብደውል የእናቴ ስልክ አይሰራም። ንቡ ከሄደ የሚጠፋው የእኔ ጧፍ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። «እመቤቴ፣ ማሽኑ ይቃጠል፤ ንቡን ብቻ አቆዪልኝ» አልኩ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳልል።

ከሚኒባሱ ወርጄ ሽቅብ ሮጥኩ። ሰፈራችን ስደርስ የማሽኑ ጩኸት የለም። ጎረቤቶች ደጅ ቆመው መብራት ኃይልን ይራገማሉ። ለካ እናቴ ከደወለችልኝ ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፍቷል፤ ኔትወርኩም አብሮ ሄዷል!

እናቴ ከግድግዳው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ልናገር አፌን ስከፍት በእጇ ዝም አሰኘችኝ። ንቦቹ ተራ እየጠበቁ በቀዳዳዋ ወደ ውስጥ ይገባሉ። የጢሙ ጫፍ ብቻ ቀርቷል። እኔ መብራት በጠፋ ቁጥር አፌ የማያርፍ ሴት፣ ያን ቀን ድምፄን ዋጥ አድርጌ እልል አልኩ። ነፍሴ መለስ አለች። እናቴም አቅፋኝ ሳቀች፤ አለቀስንም።

ጓጉንቸሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ከአንደኛው ቀፎ የቀለጠ የማር እንጀራና ማር መሬት ላይ ወድቋል፤ ሌላኛው ደህና ነው። ሶኬቱን ነቀልኩት። ወዲያው መብራት መጣና ሰፈሩ በሙሉ «እሰይ!» አለ። ሶኬቱ ግን እጄ ላይ ነበር።

እናቴ ተንበርክካ የወደቀውን ሰም ከአፈሩ እየለየች በመዳፏ ጠፈጠፈችው።

«ዘንድሮ ጧፍሽ ትንሽ ያጥራል እንጂ አይቀርም» አለችኝ። ቀና ሳትልም ማር የነካውን እጇን ዘረጋችልኝ። «ቁልፉን ግን ወዲህ በይ።»