አበልጅ ዋስ አይጠየቅም

የትራክተር ተሳቢውን ገና ሳየው ጠረጠርኩ። አዘዞ፣ አበልጄ ግቢ ውስጥ፣ የቆርቆሮ አጥሩን ተጠግቶ ቆሟል። ጎማው ደህና ነው፤ አካሉ አረንጓዴ ተቀብቷል። ወንድሜ ዙሪያውን እየዞረ «ሸጋ ነው እታለም! ሸጋ ነው!» ይላል። እኔ ጣቴን ቀለሙ ላይ ባሳርፍ ተጣበቀብኝ። ሰው የሚሸጠውን ዕቃ ቢያሳምር ነውር የለውም። ነገር ግን ከፊት፣ የሻንሲ ቁጥሩ የሚመታበት ብረት ተፍቆ ነበር።

ወንድሜ ቆላ ድባ የሚኖር ገበሬ ነው። በሬዎቹን ሽጦ አሮጌ ትራክተር ገዛ፤ ለተሳቢው ደግሞ የቀሩትን ላሞች ገበያ ነዳ። አጨዳ ደርሶ እህል የሚያስጭን ሰው እየጠበቀው ስለነበር ያን ዕለት ትራክተሩን ይዞ ነው የመጣው፤ ተሳቢውን ቀጥሎ ሊመለስ። የሌባ ዕቃ ሆኖ ቢነጠቅ ባዶ እጁን ይቀራል። ይባስ ብሎም የሌባ ተቀባይ ተብሎ ይታሰራል።

ሻጩ ባዳ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እሳቸው ግን ልጄን ክርስትና ያነሱልኝ ሰው ናቸው። በእኛ አገር በሬ እንኳ ሲሸጥ ዋስ ይጠራል፤ ሻጩን የሚያውቅ ሰው ወጥቶ «የሌባ ቢሆን እኔ አለሁ» ካላለ ልባም ገዢ ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም። አበልጅ ግን ዋስ አይጠየቅም። ክርስትናው ራሱ ዋስ ነው ይባላል። መጠየቅ ሌባ ብሎ ከመስደብ አይለይም።

«ሊብሬው የታለ አበልጄ?» አልኳቸው።

«ይመጣል፤ የሸጠልኝ ሰው ዘንድ ነው።»

«ቁጥሩስ ምነው ተፋቀ?»

«ዝጎ ነበር።»

ዝጎ! ዝገት መርጦ ቁጥር ይበላል እንዴ! ደሜ ፈላ። ወንድሜ ነገሩ ገብቶት ኖሮ ከኋላ ነጠላዬን ጎተተኝ። እኔ ደግሞ ሲጎትቱኝ ይብስብኛል።

«እንግዲያውስ ዋስ ይጥሩልን» አልኩ።

የአበልጄ ፊት አመድ መሰለ።

«ዋስ? እኔን? ልጅሽን ታቅፌ ሰይጣንን የካድኩልሽን?»

«አባቴም ከመቃብር ተነስቶ ቢሸጥልኝ እጠይቀዋለሁ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው «እሽ! ነገ ጠዋት የሸጠልኝን ሰው ይዤልሽ እመጣለሁ፤ እሱ ዋስ ይሆነኛል። ከዚያ ወዲያ ግን አንቺና እኔ አንተዋወቅም» አሉና ጀርባቸውን ሰጡን።

ቤት እስክንደርስ ወንድሜ አልተወኝም። «ምነው እታለም? ምነው እኒህን ሰው እንዲህ አዋረድሻቸው? ሌላ ገዢ ቀድሞ ቢወስደውስ?»

«ይውሰደው! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማህም?» አልኩት።

ባሌም ነገሩን ሲሰማ እራቱን ትቶ ተነሳ፤ እሱ ታሞ በተኛ ጊዜ ያስታመሙት አበልጄ ናቸው። ተሳቢው ንጹሕ ከሆነ የልጄን የክርስትና አባት በገዛ ምላሴ አባርሬአለሁ። ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ የከፋ ነው። የትኛው እንዲሆን እንደምጸልይ እንኳ ጠፋኝ።

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አበልጄ ሌላ ጊዜ የልጄን ስም እየጠሩ ነበር የሚገቡት፤ ያን ዕለት የበሩን ብረት ይዘው ቆሙ። ብቻቸውን ነበሩ።

«ስልኩ ዝግ ነው» አሉ። «ቤቱም ሄድኩ። ቤቱን ለቆ ወጥቷል።»

«የሸጠልዎት ሰው?»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እርስዎስ ሲገዙ ዋስ አልጠየቁትም?»

«እሱም የእኔ አበልጅ ነው» አሉ። «ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት ነው። እንዴት ብዬ ልጠይቀው?»

ወይ ጉድ! ትናንት በእኔ የተቆጡት እሳቸው ያላደረጉትን ስላደረግሁ ኖሯል።

«ቁጥሩንስ ማን ፋቀው?»

«ተፍቆ ነው የመጣልኝ። ቀለሙን ግን…» ዓይናቸውን አሸሹ። «ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ።»

ለምን ቀቡት? አልጠየቅኋቸውም። «ፖሊስ ከግቢዎ ሳያገኘው እርስዎ ራስዎ ይውሰዱት» ብቻ አልኳቸው።

«ያስሩኛል ልጄ።»

«ዛሬ በእግርዎ ሄደው ቢታሰሩ ይሻላል፤ ነገ ከልጆችዎ ፊት ከሚወስዱዎ።»

ወንድሜ ሊገዛው የመጣውን ተሳቢ ከትራክተሩ ጋር አያይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ጎተተው። እኔና አበልጄ በባጃጅ ከኋላ ተከተልን፤ የእሳቸው ጉልበት ከእኔ ጉልበት ጋር ሲነካካ ሁለታችንም እንሸሻለን።

ጣቢያው ከአይከል ተሳቢ ተሰረቀብኝ የሚል ሰው እንዳለ ያውቅ ኖሮ ተደወለለት። ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ ከስቶ ጉንጩ የገባ ጎልማሳ ነው። መርማሪው ተሳቢውን ሳያሳየው ምልክቱን ጠየቀው።

«ከሥር ነው። ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ብረት አጠገብ ትንሽ መስቀል አስበይጄበታለሁ» አለ።

አንዱ ፖሊስ ተንጋሎ ገባና ቀለሙን በቢላ ፋቀው። መስቀሉ ነበረ። ሰውየው ግንባሩን ብረቱ ላይ ደፍቶ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ወንድሜም አብሮት አነባ፤ ለማን እንዳለቀሰ ግን እንጃ።

ቀጥሎ መርማሪው ወደ አበልጄ ዞረ። ጉዳዩ እስኪጣራ የመንግሥት ሠራተኛ ዋስ ካቀረቡ ይወጣሉ፤ ካላቀረቡ ይታሰራሉ። ወሬውን ሰምቶ ጣቢያ የደረሰው የሚስታቸው ወንድም የመንግሥት አስተማሪ ነው፤ «ስልክ ደውዬ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ጠበቅነው። አልተመለሰም።

የምሠራበት የመንግሥት ሆስፒታል መታወቂያ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አበልጄ አልለመኑኝም፤ ቀናም ብለው አላዩኝም። ወንድሜ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ተይ እታለም፤ አውቀውስ ቢሆን? ቢጠፉ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ» አለኝ። እውነቱን ነው። ያ እርጥብ ቀለም ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ልጄ ደግሞ ማታ ስገባ አባ የት አሉ ይለኛል፤ እሳቸውን አባ ነው የሚላቸው።

«እኔ ነኝ ዋሱ» አልኩ።

መርማሪው መታወቂያዬን ሲቀበለኝ አበልጄ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። ቀለሙን ለምን እንደቀቡት እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። በየበዓሉ ይመጣሉ፤ ልጄን ያቅፋሉ፤ እኔም ምግብ አቀርባለሁ። ልጠይቃቸው አፌን እከፍትና መልሱን እፈራዋለሁ።