በቁማር የተያዘው የራሽን ደብተር

ባለቤቴ በካርታ ቁማር እንደሚጫወት ፒያሳ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የማላውቅ መስዬ የኖርኩት እኔ ነኝ። ከቢሮ እንደወጣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲህ ካለ ልብስ ሰፊ ጓዳ ይገባል፤ በዓል ይሁን ልጅ ይታመም ግድ የለውም።

አፌን ያስያዙኝ ታላቅ እህቱ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማር ይባላል፤ እኔ ለእግዜር ትቼዋለሁ። የጋብቻ ሀብሌ ከሳጥን የጠፋ ጊዜ የሄድኩት እሳቸው ዘንድ ነበር።

«እትዬ፣ ሽማግሌ ይሰብስቡልኝ» አልኳቸው።

«ወንድሜን ሸንጎ ልታቆሚው? የወንድ ጨዋታ ነው። አንቺ ፊትሽን ብትፈቺለት ቤቱ ይቀመጥ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ የእሱን ውሸት እኔ እዋሽለት ጀመርኩ። ለአለቃው «አሞታል»፣ ለእድሩ «መስክ ወጥቷል»።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቀበሌ ሱቅ ዘይትና ስኳር መጣ ተባለ። ልሰለፍ ስነሳ የራሽን ደብተሩ ከቦታው የለም። ያለ እሱ ምንም አይሰጥም፤ የነጋዴው ደግሞ አይቀመስም።

«አስይዤው ነው፤ ማክሰኞ አወጣዋለሁ» አለ ባለቤቴ፣ ጫማውን እያሰረ።

«አምስት ነፍስ የተጻፈበትን?»

«አትጩሂ፤ ጎረቤት ይሰማል።»

ጠፋብኝ ብል፣ ደብተሩ በሰው እጅ ሲገኝ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። እውነቱን ብናገር እሱ ይታሰራል፤ በዚያ በደርግ ዘመን ደግሞ የታሰረ ሰው መቼ እንደሚፈታ ማንም አያውቅም። ባዶ ጠርሙሴን ይዤ ተሰለፍኩ። ከኋላ እየገፉ መስኮቱ ጋ አደረሱኝ።

«ደብተርሽስ፣ እህቴ?» አለችኝ የምታድለዋ ሴት።

«ባሌ በቁማር አስይዞታል።»

«ወይ ጉድ! ስኳራችንም ካርታ ሆነ?» አለች ከኋላዬ አንዷ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

አዳይዋ አልሳቀችም። ወደ ውስጥ አስገባችኝና «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ። እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እዚያው የዘይት በርሜሉ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ።

ቀበሌው ባለቤቴን አሥራ አንድ ቀን አሰረው። እህቱ በሬ ድረስ መጥተው «ወንድሜን አስበላሽው!» ብለው ጮኹ። እኔ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ለአለቃውም ለእድሩም፣ ያለበትን ተናገርኩ።

ሲፈታ ወደ ልብስ ሰፊው ጓዳ ተመለሰ። ደብተሩ ተገኝቶ በእኔ ስም ዞረ። የምንኖርበት የቀበሌ ቤት ግን በእሱ ስም ስለነበር አብሬው መኖሬን ቀጠልኩ።