የቅዳሜው የፊርማ ወረቀት

ስቆጣ ድምፄ ሰበታ ገበያ ድረስ ይሰማል ይሉኛል፤ ውሸት አይደለም። የዚያን ሰኞ ግን ያ ድምፅ አንዲት ልጅ ሊያስባርር ነበር።

በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነኝ። ከተጂ እየተመላለሰች ማሸጊያ ክፍል የምትሠራ ልጅ የፈረቃ ኃላፊዋን ከሰሰች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ካርቶን መጋዘን ውስጥ በሩን ዘግቶ ያዘኝ አለች። እሱ ካደ። ጉዳዩን የምናየው እኔና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ነበርን፤ ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ። ክሱ ሐሰት ከተባለ ልጅቷ ትባረራለች፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

ያላት ምስክር አንዲት ብቻ ናት፤ አብራት የምታሽግ ጠና ያለች ሴት። «በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እጇን ጠምዝዞ ይዟት ነበር» አለች። የቅዳሜውን የፊርማ ወረቀት አወጣሁ። ከስሟ ፊት ለፊት ባዶ ነው፤ የዕረፍት ቀኗ ነበር።

«በሌለሽበት ነው ያየሽው?» አልኳት።

አቀረቀረች። ደሜ ፈላ። «ወረቀት እንደ ሰው አይዋሽም! አንቺ ሴትዮ፣ እግዜርን አትፈሪም?» ዝምታዋን የውሸቷ ማረጋገጫ አደረግኩት። ልጅቷ ጥግ ላይ ቆማ የጋወኗን ቁልፍ ታሽከረክራለች። ውሳኔውን ለመጻፍ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር።

ኦቦ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ቆይተው አንዱን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ መቼ መጻፍ ተማረች?»

አየሁት። ሁልጊዜ በአውራ ጣቷ የምትፈርም ሌላ አሻጊ፣ ቅዳሜ በእስክሪብቶ ፈርማለች። ከግርጌ «ተረጋግጧል» ብዬ የፈረምኩት ደግሞ እኔው! ወይ ጉዴ!

ኦቦ ወደ ምስክሯ ዞሩ። «ሂንሶዳቲን፣ አትፍሪ። በማን ቦታ ነው የገባሽው?»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። በአውራ ጣቷ የምትፈርመው ጓደኛዋ ሆለታ ያሉ አጎቷ ሞተውባት ነበር። ደንባችን የሐዘን ፈቃድ ሲሰጥ አጎት አይቆጥርም። ለቅሶ የቀረ ሰው ደግሞ የራሱ ቀን ሲደርስ ማን ይቀብረዋል? ስለዚህ ሴቶቹ እርስ በርስ ይተካካሉ፣ አንዷ ለሌላዋ ትፈርማለች። ጓደኛዋ ግን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ላይ ናት።

«ብናገር እሷ ትባረራለች፣ ዝም ብል ይቺ ልጅ። ወዴት ልበል?» አለችን።

ጓደኛዋን አስጠራናት። ተቀመጪ ስንላት እንኳ አልተቀመጠችም። «ልጅቷ ውሸታም ከምትባል እኔ ልውጣ» አለች። ይህን ስሰማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሰውየው ተባረረ። ሁለቱ ሴቶች በማስጠንቀቂያ ታለፉ፤ ለዚህም ኦቦ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ግማሽ ቀን ተሟግተዋል።

የውሳኔውን ደብዳቤ ለልጅቷ የሰጠኋት እኔ ነኝ። «በይ እንኳን ደስ አለሽ፣ እውነቱ ወጣ» አልኳት። አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«እትዬ፣ እርስዎ እኔን ያመኑኝ መቼ ነው?» አለችኝ።

ያመንኩት ወረቀቱን ነበር፤ መጀመሪያም፣ በኋላም።