ሦስት ክላክስ

ዛሬም ሱቄ ውስጥ ብርድ ልብስ እያጣጠፍኩ የጫት መኪና ክላክስ ከሩቅ ሲመጣ፣ ጆሮዬ ለይቶ ሳይጨርስ ሆዴ ቀድሞ ይኮማተራል።

ልጅ ሳለሁ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር፣ በኪራይ ቤት እንኖር ነበር። አባቴ ከጅግጅጋ በየቀኑ ጫት የሚያመጣ የፒካፕ ሾፌር ነበር፤ ጫት ከጠወለገ ዋጋ ስለማያወጣ እግሩን ከነዳጁ አያነሳም። ወደ ገበያ ሲያልፍ በእኛ መታጠፊያ ላይ ሦስት ጊዜ ክላክስ ያደርግ ነበር፤ በሰላም ገባሁ ማለቱ ነው። እናቴም የእሱን ሰሃን ደፍታ ታስቀምጥና ሦስቱን ሳትሰማ አታቀናውም ነበር፤ ቀድማ ብታቀናው መንገዱ የሚቀየማት ይመስል።

በበጋ፣ ከቀትሩ የዙህር አዛን በፊት፣ ሩዙን ጥዳ ወገቧን በሻሽ ጠፍራ ታስር ነበር። «ያምሻል እንዴ?» ስላት፣ «አያመኝም፣ ሆዴ አባትህን እየጠበቀ ነው» ትለኝ ነበር። ጭንቀቱ ከእሷ ተጋባብኝ። መጀመሪያ መኪናው ሲዘገይ ብቻ ነበር የሚይዘኝ፤ ቀጥሎ ሩዙ ሲሸት፣ በኋላም ገና ዓይኔን ስገልጥ። ፍርሃቴ እንደ ጎበዝ ነጋዴ በየቀኑ ቀደም እያለ ሱቁን ይከፍት ጀመር። በንግድ ቀድሞ መስጋት ብልጠት ነው፣ ዋጋው ሳይወድቅ ትሸጣለህ፤ ይህን ግን ማን ይገዛሃል?

የዝናብ ወራት ሲገባ መንገዱን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ በጎርፍ እየሞላ መኪኖቹን ያዘገያቸው ነበር። አንድ ቀን አዛኑ አልፎ፣ ሩዙ ቀዝቅዞ ቆይቶ፣ ሦስቱ ክላክስ ተሰማ። «አልሐምዱሊላህ!» አለች እናቴ፤ እኔም ሰሃኑን አቅንቼ ሮጥኩ። ከመኪናው የወረደው ግን የአባቴ ጓደኛ ፋራህ ነበር።

«እህቴ፣ አትደንግጪ» አለ። አትደንግጪ ተብላ ያልደነገጠች ሴት አይቼ አላውቅም። «መኪናው ተንሸራቶ ነው፣ እጁ ነው የተሰበረው፣ ወላሂ ደህና ነው።»

«ታዲያ የእሱን ሦስት ክላክስ ምን አስነፋህ?»

ፋራህ መሬት መሬት እያየ፣ «በለመድሽው ድምፅ ልምጣ ብዬ ነዋ» አለ። ምስኪን፣ ደግ የሠራ መስሎት ነው።

በሚቀጥለው በጋ አባቴ ድኖ መሪ ጨበጠ፣ ሦስቱም ክላክስ ተመለሱ፤ ያሳርፈን የነበረው ድምፅ ግን ያንቀን ጀመር። እናቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ «ውጣና ማን እንደሆነ እይ» ትለኝ ነበር። ወጥቼ ፊቱን እያየሁ «እሱ ነው!» ብዬ እጮሃለሁ፤ ሆዴ ግን አያምነኝም ነበር።

አሁን አባቴ አርጅቶ 26 ጁን በሚባለው ሰፈር እኔ ዘንድ ተቀምጧል፣ ሥራው በሚስቴ ወጥ ጨው ላይ መከራከር ሆኗል። ልጄ ከትምህርት ቤት በባጃጅ ትመለሳለች፤ ነጂውን በራችን ላይ ክላክስ እንዳያሰማ አስጠንቅቄዋለሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ያኔ ክፉም ይሁን ደግ፣ ጥበቃችን የሚያበቃበት ድምፅ ነበረው፤ አሁን እሱንም ራሴ ዘጋሁትና ሰዓቷ ሳይደርስ በር ላይ እገተራለሁ።

ባለፈው ደግሞ እኔ ከሱቅ ዘግይቼ ስገባ ልጄን በር ላይ ቆማ፣ ሆዷን ይዛ አገኘኋት።

«ያምሻል እንዴ?» አልኳት።

«አያመኝም» አለች።

የቀረውን ከእናቴ ሰምቼዋለሁ።