የሐኪሟ ቃል ጠሪ

ጎንግ ዴሹን እንግሊዝኛ አያውቅም። ፊደሎቹን ያውቃቸዋል፤ ልጅ ሳለ የቻይንኛውን ድምፅ የተማረው በነሱ ነው። ተሰባስበው ቃል ሲሆኑ ግን ባዳ ይሆኑበታል። ይህም ሆኖ ባኦጂ ከተማ ባለው የባቡር ሠራተኞች ግቢ ውስጥ እንግሊዝኛ አስጠኚው እሱ ነበር። ተማሪው አንድ ብቻ ነው፤ እሷም ሚስቱ።

ሚያኦ ሹላን የማዋለጃ ክፍል ሐኪም ናት። የግቢው ልጅ ግማሹ በእጇ ነው የተወለደው። እጇን የማያመሰግን የለም፤ ማዕረጓ ግን ካለበት ፈቀቅ ካለ አሥራ ሁለት ዓመቱ። ለከፍተኛ ሐኪምነት የሚታጭ ሰው አስቀድሞ የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ አለበት። ባኦጂ ውስጥ በእንግሊዝኛ ያማጠች ሴት ታይታ አትታወቅም፤ ቢሆንም ሹላን "አሻሚ" እና "አይቀሬ" በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ ካላወቀች ከፍ አትልም። የስፌት ክር መያዝ ያስተማረቻቸው ወጣት ሐኪሞች አልፈዋት ሄደዋል። ከደንብ ጋር መከራከር የሞኝ ሥራ ነው ብላ ካርድ ገዛች። በአንድ ፊቱ እንግሊዝኛውን፣ በሌላው ፍቺውን ጻፈችና መቶ መቶውን በስፌት ክር አሰረችው። ያኔ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ጡረታዋ በሃምሳ አምስት ስለሆነ ሦስት ጊዜ ብቻ መፈተን ትችላለች።

ዴሹን ደግሞ ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ቼንግዱ በሚወርደው መስመር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት ባቡር ነድቷል። እሱ ሲመጣ እሷ ተረኛ ናት፣ እሷ ስትገባ እሱ መንገድ ላይ። ሴት ልጃቸውን ያሳደጉት ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ብጣሽ ወረቀት እየለጠፉ ነው፤ "ገንፎው ድስት ውስጥ አለ"፣ "ልጅቷ ስታስል አደረች"። ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲውል፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚያወሩት ጠፋ። ኑድላቸውን ይበላሉ፣ ኮምጣጤ ይቀባበላሉ፣ ቴሌቪዥን ያያሉ። ጠብ የላቸውም፤ ወሬም የላቸውም። ዴሹን ለማንም አይናገር እንጂ ይህ ዝምታ ያስፈራው ነበር።

አንድ ቀን ከእራት በኋላ ሹላን ካርዶቿን ይዛ ስታጉተመትም እጁን ዘረጋ።

"ወዲህ በይው። ብቻሽን ስታነበንቢ ራስሽን ነው የምታታልዪው።"

"አንተ ምን ታውቅና?"

"መጥራት አውቃለሁ።"

ደግሞም ያውቃል። ባቡር ላይ ረዳቱ ጣቱን ወደ መብራቱ ቀስሮ "አረንጓዴ!" ብሎ ይጠራል፤ ነጂው እሱም ጣቱን ቀስሮ "አረንጓዴ!" ብሎ ይመልሳል። ሁለቱ አፎች ካልተስማሙ ባቡሩ ይቆማል። ዴሹን ይህንኑ ወደ ቅርጫት ኳስ ሜዳው ይዞት ወረደ። ሜዳውን እየዞሩ ፍቺውን ይጠራል፤ ሹላን ቃሉን ትልና ፊደሉን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። እሱ በአውራ ጣቱ ይከተላታል። ትክክል ከሆነች ጣቱን ወደ ፊት ቀስሮ ቃሉን ይደግመዋል፤ ከሳተች ዝም ብሎ በአፍንጫው "እህ" ይላል። በአንድ ዙር አሥር ካርድ።

በሩ አጠገብ ባቄላ የሚፈለፍሉት እማማ ፓንግ ምላሳቸው አያርፍም።

"ጋሽ ዴሹን፣ ምን እያየህ ነው ጣትህን የምትቀስረው?"

"እየነዳሁ ነው፣ እማማ።"

"ማንን? ሚስትህን?"

"እሷን ማን ይነዳታል? ነጂዋ እሷ ናት፣" ይላል። "እኔ ረዳት ነኝ።"

"በሰማንያ ዓመታችሁ ዩኒቨርሲቲ ትገባላችኋላ!"

በካርዶቹ መሀል ግን ሌላ ነገር ይገባ ጀመር። "ድንገተኛ" የሚለው ሲጠራ፣ ሹላን ጎመን በጫነ መኪና ላይ ስላዋለደቻቸው መንትዮች አወራችው። "መቋቋም" ላይ ሲደርሱ፣ እሱ አንድ ክረምት በረዶ ተራራው ላይ አግዶት ከረዳቱ ጋር አንዲት የእንፋሎት ዳቦ ለሁለት የተካፈሉበትን ቀን ነገራት። ሠላሳ ዓመት ያልተባለው ሁሉ በዚያ በኩል ወጣ። ዴሹን ከቀትር ጀምሮ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። በሕይወቱ እንደዚያ ጓጉቶ የጠበቀው ነገር የለም።

የመጀመሪያውን ዓመት ወደቀች። አጽናናት፤ ልቡ ግን ደስ አለው፣ ደስ በማለቱም አፈረ። በሁለተኛው ዓመት ሹላን ስል ሆነች። ካርዶቹ እያለቁ፣ "እህ" የሚልበትም እየጠፋ ሄደ። ካለፈችስ? የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሳው። አንድ ማታ ከእስሩ ውስጥ ገና ያልጠራውን አንድ ካርድ መዘዘና ኪሱ ከተተ። በሳምንቱ ሌላ ደገመ። ሲያበቃ አሥራ አንድ ሆኑ። በባቡር ዘመኑ ምሳ ይቋጥርበት በነበረው የቆርቆሮ ሳህን ውስጥ ከድኖ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀላቸው። ከሦስት ሺህ ቃል አሥራ አንድ ቢጎድል ምን ይሆናል ብሎ ራሱን አባበለ።

ሹላን በሁለት ነጥብ ወደቀች። እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ቀዶ ጥገና የምትገባ ይመስል፣ ከዚያም እራት ሠራች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ዴሹን ያን ቀን ኑድሉ ላይ አቀርቅሮ አመሸ።

ሦስተኛው ዓመት መጣ፤ የመጨረሻው። ካርዶቹን መልሶ ቢሸጉጣቸው መናዘዝ ነው፤ ባይመልሳቸው ደግሞ ዳግም ሊጥላት ነው። ወራቱን በዚህ ሲገላበጥ ከርሞ፣ ፈተናው አምስት ሳምንት ሲቀረው ወንበር ላይ ወጥቶ ሳህኑን አወረደ። ሲከፍተው ባዶ ነው።

ያን ማታ ሜዳው ላይ አንድ ዙር ሙሉ ካርድ ሳይጠራ ዞረ።

"ዛሬ መብራት ጠፋብህ?" አለችው።

"ሹላን፣ አምና የጣልኩሽ እኔ ነኝ። ካርድ ሰርቄብሻለሁ።"

"አሥራ አንድ" አለች።

ቆመ። እሷም ቆመች።

"ሰውዬ፣ እኔ ሆድ ከመስፋቴ በፊት ፋሻ የምቆጥር ሴት ነኝ። መቶ አድርጌ የሰጠሁህ ዘጠና ዘጠኝ ሆኖ ሲመለስ የማላይ መሰለህ? ቃሎቹን ከመጽሐፉ አጥንቻቸዋለሁ። የወደቅኩት በቃል አይደለም፤ ንባቡ ላይ ሰዓት አልቆብኝ ነው።"

"ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?"

ሹላን ወደ ቅርጫቱ ቀና አለች፤ መረቡ ከተቀደደ ቆይቷል።

"ብነግርህ ታፍርና ትተወዋለህ። ከዚያ እኔ ከማን ጋር ልዙር?"

ዴሹን ያቺን የማታ ዙር የሚፈልጋት እሱ ብቻ መስሎት ነበር። ያንን ሁሉ ጊዜ ብቻውን እንዳልነበረ ሲገባው ዓይኑ ሞላ፤ አፍንጫውን ጠረገና ብርዱን አማረረ።

በማግስቱ የባቡር ሰዓቱን ከመሳቢያ አወጣ፣ በሰንሰለት የሚንጠለጠለውን። ያ ሰዓት ደቂቃ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ለአንድ ንባብ ስምንት ደቂቃ እየሰጠ፣ ሲሞላ "ጣቢያ ደረስን፣ ውረጂ!" እያለ ወረቀቱን ከእጇ ይነጥቃት ጀመር። ትሳደባለች፣ ትስቃለች፣ ደግማ ታነባለች። በአምስተኛው ሳምንት ከሰዓቱ ቀድማ ጨረሰች።

አለፈች፤ ከማለፊያው በሰባት ነጥብ በልጣ። ውጤቱ የመጣ ቀን ዴሹን ራሱ ኑድል ጎትቶ ሠራ፤ በርበሬው በዝቶበት ሁለቱም አለቀሱ። ከበሉ በኋላ በልማድ ወደ ሜዳው ወረዱ። እሱ እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ኪሱ ከተተው። የመጀመሪያውን ዙር ዝም ብለው ዞሩ። ዴሹን ያ የድሮው ዝምታ መመለሱ ነው ብሎ ፈራ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ሹላን ከካፖርቷ ኪስ በሰማያዊ የስፌት ክር የታሰሩ ካርዶች አወጣች። አሥራ አንድ ናቸው። ጠርዛቸው በእጅ ብዛት ጠቁሯል።

"እነዚህን ጠርተሃቸው አታውቅም" አለችው። "ስለዚህ ደግመሃቸውም አታውቅም። አሁን ጠሪዋ እኔ ነኝ።" የመጀመሪያውን ገልብጣ አነበበች፤ "ቅር እያለው።"

ዴሹን ካርዶቹን ሳህኑ ውስጥ ሲደብቅ ይቺን ደጋግሞ አይቷታል። ጣቱን ወደ ቅርጫቱ ቀስሮ ፊደሎቿን ቀስ እያለ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ መሀል ላይ አንዷን ዘለላት።

"እህ" አለች ሹላን በአፍንጫዋ።

እማማ ፓንግ ከበሩ ሆነው ቀና አሉ። "ዶክተር፣ ፈተናው አለቀ ሲባል አልሰማሁም እንዴ?"

"የእኔ አልቋል፣ እማማ" አለች። "የቀረው የሱ ነው።"