ውሃ ያልነካው ሪሞት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የንስሐ አባቴ ጎጃም ናቸው፤ በስልክ ሳገኛቸው እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ነግሬ ይህችን እዘላታለሁ። እኔ ያለሁት ሐርጌሳ ነው፤ አጠገቤ የምናዘዝለት ካህን የለም። ስለዚህ ለእናንተ ለማታውቁኝ እጽፋለሁ።

ሹፌር ነኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ማንበብንም መኪና መፈታታትንም ለብቻዬ ነው የተማርኩት። በዚህ እኮራለሁ፤ ለዚህ ያበቃኝም ኩራቴ ነው። 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ወይዘሮ ሳህራ የሚባሉ፣ ድሬዳዋ ያደጉ ነጋዴ ቀጠሩኝ። ልጄን ፋንታዬንም እዚያው ቤት ሠራተኛ አድርጌ አስገባኋት። ሥራ ስንጨርስ ሼክ ኑር የሚባል ሰፈር ወደተከራየናት አንዲት ክፍል አብረን እንመለስ ነበር።

ወይዘሮ ሳህራ የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ። ቁልፏ ሪሞት ነው፤ ኪስህ ውስጥ ካለ በሩ ይከፈታል፣ መኪናዋም ትነሳለች። መመሪያዋ በቻይንኛ የተጻፈ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ዳሽቦርዱ ላይ የማላነበው ጽሑፍ ብልጭ ይል ነበር። ምን እንደሚል ሰው ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም። በአዝራር አጠፋሁት። እኔ ስለ መኪና ሰው የምጠይቅ ነኝ?

አንድ ቀን በሩ አልከፈት አለ። ሪሞቱን ደጋግሜ ተጫንኩት፤ ሞቷል። ወይዘሮ ሳህራ እናታቸውን ሐኪም ቤት ሊወስዱ ለብሰው በረንዳው ላይ ቆመዋል። ጎረቤት ያያል። አፈርኩ። ያን ጊዜ ፋንታዬ ትናንት ኮቴን እንዳጠበች ትዝ አለኝ፤ ሪሞቱ የሚውለው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። "ውሃ ገብቶበታል። እሷ ናት" ብዬ በሰው ፊት ጣቴን ቀሰርኩባት።

"አባዬ፣ አውጥቼው እኮ ነው ያጠብኩት! መስኮቱ ላይ አስቀምጬው፣ ዛሬ ስንወጣ ከዚያ ያነሳኸው አንተ ራስህ አይደለህ?"

እውነቷን ነበር። ከመስኮቱ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። እየተናገረች ሳለ አስታውሼ ነበር፤ አልደብቃችሁም፣ አስታውሼ ነበር። "ውሸታም!" አልኳት።

"ተዋት እንጂ፣ የፋንታዬ አባት! ወላሂ፣ ዕቃ ነው፣ ይሠራል" አሉ ወይዘሮ ሳህራ። እኔ እንቢ አልኩ። ልጄ ስለሆነች አላደላላትም፣ ያጠፋ ይቀጣ ብዬ ሰበክሁ። ከሥራ ያስወጣኋት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አይደሉም። በማግስቱ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወደ ጅግጅጋ በሚሄደው መኪና ተሳፈረች። አልሸኘኋትም።

በሦስተኛው ቀን ሪሞቱን ይዤ ዋሄን ገበያ ሰዓት የሚያድስ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ሐረር የኖረ ነው፤ አማርኛ ያውቃል። በጥፍሩ ከፈተው። ውስጡ ደረቅ ነው፤ የአንዲት ጠብታ ምልክት የለበትም። ከጎኑ ቀጭን የብረት ቁልፍ መዘዘ፤ ለካ ባትሪ ሲያልቅ በሩ የሚከፈተው በሷ ኖሯል። እንደ ሰዓት ባትሪ ያለች ክብ ባትሪ ቀየረለት፤ መብራቱ በራ። ያ ጠዋት ጠዋት ያጠፋሁት ጽሑፍ ባትሪው እያለቀ መሆኑን ሲነግረኝ ኖሯል።

"አንተ ሹፌር፣ ሰዓትህ ቢቆም ክንድህን ልትቆርጥ ነው?" ብሎ፣ ስለ ልጄ ሳያውቅ፣ በድንጋጤዬ ሳቀብኝ።

እኔም አብሬው ሳቅሁ። ተመልሼስ ምን አልኩ? "ከፍቼ አደረቅሁት" አልኩ። ወይዘሮ ሳህራ "ማሻአላህ፣ ኢንጂነር!" አሉኝ። ግቢው ሁሉ እስከ ዛሬ ኢንጂነር ይለኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ። ያን ቀን እውነቱን ብናገር ልጄ ከጅግጅጋ ትመለስ ነበር። እኔ ግን ስሜን ከልጄ አስበለጥኩ።

አራት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚያች ክፍል ብቻዬን ነኝ። የምቆጣው ሰው እንኳ የለኝም። ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ስልኬ ላይ የማላውቃቸውን ሰዎች ወሬ ከፍቼ እተወዋለሁ።

ፋንታዬ አሁን አዳማ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል በየዓመቱ ትደውላለች፤ ልማዳችን ነው፣ ጾም ሳይያዝ ታናሽ ታላቁን ይቅርታ ይጠይቃል። ዘንድሮ እንዲህ አለችኝ፦ "አባዬ፣ ሳስበው ሳስበው፣ ረስቼው ከኮቱ ጋር ነክሬው ይሆናል። ድሮ እርግጠኛ ነበርኩ፤ አሁን ግን እኔ እንጃ። ይቅር በለኝ።"

እኔስ? "ይቅር ብዬሻለሁ፤ ወደፊት ተጠንቀቂ" አልኳት።

አዎ፣ እኔ ይቅር አልኳት! መዋሸቴን፣ ማባረሬን ኃጢአት ብዬ መጥራት እችላለሁ። በገዛ እጇ የሠራችውን እስክትጠራጠር ማድረሴን ግን ምን ልበለው? የሰው አገር ነው፣ ድህነት ነው፣ እፍረት ነው ብዬ ማሳበብ አያቅተኝም። አላሳብብም። እኔ ነኝ ያደረግሁት።

ሐሳቤ ይህን ጽፌ ስጨርስ ልደውልላት ነበር። ቁጥሯን አውጥቼ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጫለሁ። አልደወልኩም። እስክደውል ድረስ ይቅር አትበሉኝ።