ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ

ሀምዱ አባቢያ ዓይኑ ከመጥፋቱ በፊት ቴፒ አካባቢ በአንድ የቡና እርሻ ጋራዥ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። የተወለደው ጅማ አጠገብ ነው፤ በጎረምሳነቱ ለቡና ለቀማ መጥቶ እዚያው ቀረ። ትራክተር በለው፣ ጄኔሬተር በለው፣ የቡና መፈልፈያ በለው፣ የመጣለትን ሁሉ ይጠግናል። ድምፅ ሰምቶ የሞተር በሽታ ያውቃል ይሉት ነበር። እሱ ግን «ከፍቼ ሳላይ አልናገርም» ነበር መልሱ።

በ1994 ዓ.ም. ገደማ አምፖል ዙሪያ ቀለበት ይታየው ጀመር። ቆየት ብሎ ደግሞ ከጎኑ የሚመጣ ሰው አልታይ አለው። ጅማ ሄዶ ሲመረመር ሐኪሙ የዓይኑ ግፊት ነርቩን እንደጎዳውና የጠፋው እንደማይመለስ ነገረው። በሦስት ዓመት ውስጥ ቀንን ከሌሊት ከመለየት በቀር ምንም አልቀረለትም። ከጋራዡ ሲሰናበት ይዞ የወጣው፣ ከወዳደቀ ብረት አሟልቶ ያስነሳትን አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው። ከባለቤቱ ከአርዋ ጋር ከቴፒ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሚዛን ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኝ ቀበሌ፣ የሁለት መቶ እግር ቡና ጓሮ ይዘው ተቀመጡ።

ሞተር ሳይክሏን የምትነዳው አርዋ ሆነች። መጀመሪያ፣ ዓይኑ ጨርሶ ሳይጠፋ፣ እሱ እየነዳ እሷ ከኋላው ተቀምጣ «ጉድጓድ አለ፣ ወደ ቀኝ» ትለው ነበር። አንድ ቀን ግን ከአንዲት ላም ጋር ሊጋጩ ትንሽ ሲቀራቸው ወርዶ መሪውን ሰጣት። ሴት ሞተር ነዳች ብሎ ሰው ብዙ አወራ። እሷ አልሰማችም፣ ምክንያቱም በዚያው ዓመት የሰባት ዓመት ልጃቸው ዐፊፋ የስኳር በሽታ ተገኘባት። በየወሩ ሚዛን ሆስፒታል ሄዶ ኢንሱሊን ማምጣት ግድ ሆነ። መድኃኒቱን ሙቀት እንዳያበላሸው በላስቲክ ጠቅልለው፣ ውሃ የተሞላ ገንቦ ውስጥ ያስቀምጡታል።

በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ነበር። የውሃ ማስተላለፊያው ቱቦ በጎርፍ ተወስዶ መኪና አያልፍም፤ ሰዎች ግንድ አጋድመው በእግርና በሞተር ብቻ ይሻገራሉ። ሰኞ ማታ አርዋ ለልጇ መርፌ ልታዘጋጅ ስትል የኢንሱሊን ጠርሙሷ ከእርጥብ እጇ አመለጠችና ድንጋይ ላይ ተሰበረች። ሌላ አልነበራቸውም።

ማክሰኞ ገና ሲነጋ አርዋ ብቻዋን ወደ ሚዛን ወጣች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሀምዱ የሞተሯን ድምፅ ከታች በኩል ሰማ። ጊዜው ሚዛን ደርሶ ለመመለስ አይበቃም። ድምፁ በሩ ላይ ሲደርስ ተቆራርጦ ጠፋ።

«አልሄድ አለ» አለች አርዋ እያለከለከች። «ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ዳገቱን ስጀምር ይሞታል። አራት ጊዜ ሞከርኩ።»

«የማስነሻ መርገጫውን ስትረግጪው ይከብድሻል?»

«ባዶ ነው። እግሬ ዝም ብሎ ይወርዳል።»

ሀምዱ ነገሩ ገባው። ያውቀው ነበር። ከሦስት ሳምንት ጀምሮ ሞተሩ ላይ የነበረችው የቲክ ቲክ ድምፅ ጠፍታ ነበር። አርዋ «ተሻለው» ስትል እሱ ዝም አለ። ቫልቭ ከሚገፋው ብረት ጋር የፀጉር ያህል ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ ያቺ ክፍተት ስትጠፋ ቫልቩ ሲሞቅ በደንብ አይዘጋም፣ ሞተሩም ትንፋሽ ያጣል። ማስተካከል የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ግን በውስጡ በሚዞረው ብረት ላይ ያለውን ምልክት የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ሚስቱ ፊት እጁ ሲደናበር እንዳይታይ ብሎ ዛሬ ነገ ሲል ቆየ።

ዐፊፋ ከጠዋት ጀምሮ ታስመልሳለች። አሁን ትንፋሿ ፈጥኖ ነበር፤ ስትጠራም «አቤት» ትልና መልሳ ትተኛለች። ጎረቤታቸው ገሠሠ ገብቶ አያትና ወጣ።

«ቃሬዛ እንሥራ» አለ። «ስድስት ሰው አገኛለሁ።»

«በዚህ ጭቃ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለ ሀምዱ።

«እኩለ ሌሊት እንደርሳለን። ካልዘነበ።»

«እስከዚያ ልጄ...» አለች አርዋ።

ሀምዱ ሞተሩን በእጁ ነካው። አቃጠለው። «እናንተ ይዛችኋት ቅደሙ። እኔ ይህን አስተካክላለሁ። አርዋ መንገድ ላይ ትደርስባችሁና ከእናንተ አንዱ ከኋላ ሆኖ ልጅቷን ይደግፋታል።»

እንዲህም ሆነ። ዐፊፋን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ይዘዋት ወጡ። አርዋ እስከ አጥሩ ድረስ ተከትላ፣ የልጅቷን እግር ጨብጣ ለቀቀቻት። ተመልሳ መጥታ «በል ክፈተው» አለችው።

«አይሆንም። እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ አለብን።»

«ምን?»

«ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል። አሁን ብለካው ልኩ ውሸት ነው። ዳገቱ ላይ ተመልሶ ይሞትብሻል።»

አርዋ ባልዲ ውሃ አንስታ መጣች። የውሃውን ድምፅ ሰምቶ እጁን ዘረጋና ክንዷን ያዛት።

«ብረቱ ይሰነጠቃል! ከዚያ ወዲያ ምንም የለንም።»

«ልጅህ እየሞተች ነው! ልጅህን ነው ወይስ ብረትህን ነው የምትጠብቀው?»

ሀምዱ ክንዷን አልለቀቀም። ባልዲውን ጣለችውና እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ቆዩ። ሀምዱ በየጊዜው መዳፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል። አርዋ ትነሳለች፣ መንገዱን ታያለች፣ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ «ጠርሙሱን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለች። እሱም ስለ ድምፁ መጥፋት ሊነግራት አስቦ መዳፉን መልሶ ሞተሩ ላይ አሳረፈ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ብረቱ እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘ። ቢስሚላህ ብሎ ነዳጁን የሚያቃጥለውን ካንዴላ ፈታ። የቫልቮቹን ሁለት ክዳኖችና የጎኑን ክዳን አወጣ። የካንዴላውን ቀዳዳ በጣቱ ደፈነ።

«በጎን ባለችው መስኮት የሚዞረውን ብረት እዪ። የፈረንጅ ፊደል አለበት። እንደ መዶሻ የሆነው ከጭረቱ ጋር ሲገጥም አቁም በዪኝ።»

«ሁለት ፊደል ነው ያለው።»

«አንዱ መጋዝ ይመስላል፣ ጥርስ አለው። እሱን ተዪው። መዶሻው።»

በቁልፍ ቀስ እያለ አዞረ። ጣቱን አየር ሲገፋው ቫልቮቹ መዘጋታቸውን አወቀ። «አሁን ነው፣ እዪ!»

«መጋዙ አለፈ... ቀስ... አቁም!»

የጢም ምላጭ በጨርቅ ይዞ አንዱን ጫፍ ወደ ጭስ ማውጫው ቫልቭ ክፍተት ሰደደ። አልገባም። ክፍተቱን የሚያስተካክለውን ብሎን ያሰረውን ዳዶ አላልቶ፣ ብሎኑን በካቻቢቴ በትንሹ መለሰ። ምላጩ ገባ፤ ስቦ ሲያወጣው ትንሽ ያዝ አድርጎ ለቀቀው። ያ ነው ልኩ። ዳዶውን ሲያጠብቅ ብሎኑ አብሮ ዞረና ክፍተቱ ጠፋ። እንደገና ጀመረ። ምላጩ ጣቱን ቆረጠው፤ ደሙ አንሸራተተው። በሦስተኛው ቆመለት። የነዳጅ መግቢያውን ቫልቭም እንዲሁ አስተካከለ፤ ክፍተቱን ግን ትንሽ አጠበበው። ሁሉን ገጠመ።

አርዋ መርገጫውን ረገጠች።

«መለሰኝ» አለች። «እግሬን መለሰኝ!»

በሁለተኛው ተነሳ። ቲክ ቲክ ይላል። ወዲያው ሄደች።

ሀምዱ አጥሩን ይዞ አዳመጠ። ድምፁ ሜዳውን አልፎ፣ ግንዱ ላይ ዝግ ብሎ፣ ዳገቱን ያዘ። እዚያ የሚቆም መስሎት ነበር። አልቆመም። እየራቀ ሄዶ ከዝናቡ ጋር ተደባለቀ።

ዕቃውን በዳበሳ ሲሰበስብ ከሥሩ ባነጠፈው ጆንያ ላይ አንዲት ትንሽ የመዳብ ቀለበት አገኘ። ከካንዴላው ሥር ትሁን፣ ከድሮ የወደቀች ትሁን ማወቅ አልቻለም። ከካንዴላው ከሆነች ትንፋሹ በዚያ ይወጣል፤ አርዋ ጫካ መሃል ትቆማለች። ያን ሌሊትና በማግስቱ ቀለበቷን ሲያገላብጥ ቆየ። እህል አልቀመሰም። ይሰግድና ዱዓው መሃል ብሎኖቹን እንደገና መቁጠር ይጀምራል።

ሐሙስ ከሰዓት ገሠሠ በእግሩ ተመልሶ መጣ።

«ሳትሸፋፍን ንገረኝ» አለው ሀምዱ።

«አለች። ግን አልነቃችም። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ አርዋ ደረሰችብን። እኔ ነኝ ልጅቷን ከኋላ አቅፌ የሄድኩት። ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳን አላስቸገረንም። ሐኪሙ ‹አንድ ሁለት ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ...› አለ።»

«ምን አለ?»

«ይኸንኑ ነው ያለው።»

ዓርብ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስተው፣ ሀምዱ የገሠሠን ትከሻ ይዞ ሃያ ስምንቱን ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄደ። ብዙ ጊዜ ወደቀ። ሆስፒታል ሲደርሱ ሊመሽ ነበር። አርዋ ከአልጋው አጠገብ ተነስታ እጁን ወስዳ ልጅቷ ግንባር ላይ አሳረፈችው። ለብ ያለ ነበር።

«አባዬ፣ ልብስህ ሁሉ ጭቃ ነው» አለች ዐፊፋ፣ በደከመ ድምፅ። የነቃችው በዚያው ቀን ጠዋት ነበር።

ሀምዱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ስለ ድምፁ ያኔ ለአርዋ ነገራት። እሷም ሻሿን አውልቃ የተቆረጠ ጣቱን አሰረችለት።

መስከረም ላይ የቡናውን ጓሮ ምርቱን እኩል ሊካፈሉ ለገሠሠ ሰጥተው ከሆስፒታሉ ብዙ ሳይርቁ ሚዛን ከተማ አንዲት ክፍል ቤት ተከራዩ። አርዋ ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች፤ እሱን አንድ ጋራዥ ቀጠረው። ዐፊፋ መርፌዋን ራሷ መውጋት ተምራለች። ሀምዱም ድምፁ የተለወጠ ሞተር ሲመጣለት እንደ ድሮው «ከፍቼ ሳላይ» አይልም። የሰማውን እዚያው ይናገራል።